ከበሩ ውስጥ ወይስ ከበሩ ውጭ? የወታደር ቤተሰብ ቤት የሚመርጥበት መንገድ

የዝውውር ትእዛዝ እጅ ሲገባ ቤተሰብ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው፤ ጦር ሰፈሩ ውስጥ እንግባ ወይስ ውጭ እንከራይ? በአሜሪካ ጦር የሚያገለግል ሰው ያላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ክርክሩን የሚቋጩት የሁለቱን ኪራይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው ኑሮው ነው። ኑሮውን ደግሞ በአብዛኛው የሚገፋው ወታደሩ ሳይሆን ወታደሩ ለሥልጠናና ለግዳጅ ሲሄድ ቤት የሚቀረው ሰው ነው። ሚስትም ትሁን ባል፣ ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚያ ከሚቀረው ሰው ነው።

የምጽፈው በዋናነት የምድር ጦሩን አሠራር ተከትዬ ነው። ምሳሌዎቼን የማነሳው ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይም በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ከሚገኘው ፎርት ቤልቮር ነው። የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ቤተሰቦችም ጥቂት ዝርዝር ለውጠው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

1. ከቤቱ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ

ሁለት ነገሮች ሳይስተካከሉ ቤት መፈለግ ድካም ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቤተሰቡ ዲርስ በሚባለው የሠራዊቱ የቤተሰብ መዝገብ ላይ መግባቱ ነው። ከኢትዮጵያ አዲስ የመጣች ሚስት ወይም የመጣ ባል እዚያ ካልተመዘገቡ መታወቂያ አይሰጣቸውም፤ ወታደሩም የቤተሰብ አበል አያገኝም፤ የቤተሰብ ቤትም አይሰጠውም። የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን ዋናውን ያዙ፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም አሠሩለት።

ሁለተኛው ውክልና ነው። ቤት ተገኘ ተብሎ ስልክ የሚደወለው ወታደሩ ሜዳ ላይ፣ ስልኩም ተዘግቶ ባለበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የትዳር ጓደኛው የቤት ውል እንድትፈርም፣ ቁልፍ እንድትቀበልና እንድታስረክብ የሚፈቅድ ልዩ ውክልና ይስጥ። ይህንን የጦር ሰፈሩ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ያለ ክፍያ ይሠራዋል። ጠቅላላ ውክልና ይበቃል ብላችሁ አትተዉት፤ ቤትን በስሙ የሚጠቅሰው ልዩ ውክልና አስተማማኝ ነው።

2. የቤት አበሉ እንዴት እንደሚሠራ እወቁ

ወታደሮች ቢኤኤች የሚሉት የቤት አበል የሚተመነው በሦስት ነገሮች ነው፤ በማዕረግ፣ በሥራ ቦታው ዚፕ ኮድ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር)፣ እንዲሁም ቤተሰብ አለህ ወይስ የለህም በሚለው። ልብ በሉ፤ የምትኖሩበት ሳይሆን የምትሠሩበት ዚፕ ኮድ ነው የሚታየው። ፎርት ቤልቮር የተመደበ ሳጅን አሌክሳንድሪያም ቢከራይ ራቅ ብሎ ውድብሪጅ ቢከራይ አበሉ አንድ ነው። የልጆች ብዛትም ለውጥ አያመጣም፤ አንድ ልጅ ያለውና አምስት ልጆች ያሉት፣ ማዕረጋቸው እኩል ከሆነ እኩል ይቀበላሉ።

አበሉ ግብር አይቆረጥበትም። የሚሰላው በአካባቢው ካለው አማካይ የኪራይና የመብራት፣ የውሃ ወጪ 95 በመቶውን እንዲሸፍን ተደርጎ ነው፤ 5 በመቶው ከኪስ እንደሚወጣ ታሳቢ ተደርጓል። አዲሱ ተመን በየዓመቱ ታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር፣ ይወጣና ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሠራል። ተመኑ ቢወርድ እዚያው ቦታ እስካላችሁ፣ ማዕረግ እስካልተቀነሰና የቤተሰብ ሁኔታችሁ እስካልተለወጠ ድረስ የእናንተ አይቀንስም።

አሁን ወደ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ቤቶች እንምጣ። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በአሜሪካ ውስጥ ያሉት የወታደር ቤተሰብ ቤቶች አብዛኞቹ ወደ ግል ኩባንያዎች ተላልፈዋል። አከራያችሁ ጦሩ ሳይሆን ኩባንያው ነው ማለት ነው። ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ከአበሉ ጋር እኩል ሲሆን በቀጥታ ከደመወዝ ይሄዳል። አንዳንድ ኩባንያዎች አሮጌ ቤቶችን ቀነስ አድርገው ይሰጣሉ፤ ጠይቁ።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፤ ብዙ ሰው ግን አያስተውላቸውም። ኪራዩ በአበሉ ልክ ስለሆነ ወታደሩ ማዕረግ ሲጨምር ኪራዩም አብሮ ይጨምራል፤ ቤቱ ግን ያው ነው። ውጭ ላለ ሰው የተጨመረው አበል ኪሱ ይገባል። በሌላ በኩል ውስጥ የመኝታ ክፍሉ ብዛት የሚወሰነው በዋናነት በቤተሰቡ ቁጥር ነው። አራትና አምስት ልጆች ያሉት ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ወታደር ውስጥ ሲገባ አራት መኝታ ቤት ሊያገኝ ይችላል፤ በዚያው አበል ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አራት መኝታ ቤት ፈልጎ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ከውጭ፣ ባለ ብዙ ልጆች ደግሞ ከውስጥ ይጠቀማሉ። ገንዘቡን በተመለከተ ከዚህ የተሻለ አጭር መለኪያ አላውቅም።

ሂሳቡን በወረቀት አውርዱት። ለምሳሌ አበላችሁ በወር 3,000 ዶላር ነው እንበል። ውጭ በ2,450 ዶላር አፓርታማ አገኛችሁ። መብራት፣ ውሃና ጋዝ 280፣ የተከራይ ኢንሹራንስ 20፣ ወታደሩ ተጨማሪ የሚነዳው ነዳጅና የመንገድ ክፍያ 200 ብትሉ ድምሩ 2,950 ነው። የ550 ዶላር ትርፍ የመሰለው ነገር 50 ዶላር ሆኖ ቀረ። ኢንተርኔቱን ሂሳብ ውስጥ አታስገቡት፤ በሁለቱም ቦታ ትከፍሉታላችሁ። ውስጥ ሲሆን ውሃና ቆሻሻ ማንሳት በኪራዩ ውስጥ ይካተታሉ፤ መብራትም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፤ በአንዳንድ ጦር ሰፈሮች ግን ከአማካዩ በላይ ለተጠቀመ ሰው ተጨማሪ ሂሳብ ይመጣል። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ይህንን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

3. ሳትወስኑ ተመዝገቡ

የጦር ሰፈሩ የቤቶች ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያ መዳረሻችሁ ይሁን፤ ውጭ ለመከራየት ብትቆርጡም እንኳ። የምድር ጦር አባል የውጭ ኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት እዚያ ማለፍ ይጠበቅበታል። ለወታደሮች የተከለከሉ የኪራይ ቦታዎች ዝርዝርም ያለው እዚያ ነው። ውል ያነቡላችኋል፤ ማስያዣ ገንዘብ የማይጠይቁ ወይም የሚቀንሱ አከራዮችን ያገናኟችኋል።

የዝውውር ትእዛዙን ይዛችሁ የቤት ማመልከቻ ቅጹን ሙሉ፤ ቁጥሩ 1746 ነው። ማመልከት ግዴታ አያስገባም። የወረፋ ቦታ ግን ያስይዛል፤ ወረፋው ደግሞ በአንዳንድ ቦታ የሳምንት፣ በሌላው የወራት ነው። ቤት ሲቀርብላችሁ ብትመልሱት ወረፋው ላይ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እስከዚያው በጦር ሰፈሩ ማረፊያ ወይም በሆቴል መቆየት ሊኖር ይችላል፤ ለተወሰኑ ቀናት ወጪውን የሚሸፍን አበል አለ። ሰው በቤት ምርጫ የሚሳሳተው በሆቴል ክፍል ውስጥ ልጆች እየተንጫጩበት በሚፈርመው ውል ነውና ቀኖቹን አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

4. በሩን አስቡት

እኛን ከሌላው ወታደር ቤተሰብ የሚለየን ይህ ነው። አሜሪካዊ ጎረቤታችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ እንግዳ ይቀበል ይሆናል። የኛ ቤት ማኅበር አለው፣ ልደት አለው፣ ኢድ አለው፣ ለቅሶ አለው። ሳይጠራ ድፎ ዳቦ ይዞ የሚመጣ ዘመድ አለው።

ጦር ሰፈር ውስጥ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው የለም። የወታደር መታወቂያ የሌለው አዋቂ እንግዳ እንግዳ መቀበያው ጋ መኪናውን አቁሞ፣ መታወቂያውን ሰጥቶ፣ የወንጀል መዝገቡ ታይቶ ነው ማለፊያ የሚሰጠው። በብዙ ቦታ ከቤተሰቡ አንድ ባለመታወቂያ ሰው ሄዶ ወይም አስቀድሞ አስመዝግቦ ይቀበለዋል። ከሜይ 2025 ወዲህ ደግሞ ሪል አይዲ ያልሆነ፣ ማለትም የፌዴራሉን የመታወቂያ መስፈርት የማያሟላ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ፓስፖርት ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው ሰነድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ እንግዳ ተጨማሪ ማጣሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ ያም ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ይህ ማለት ድግስ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ዝግጅት ይጠይቃል ማለት ነው። ክርስትናን ውሰዱ። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ነውና ቀኑ ከወዲሁ ይታወቃል። የእንግዶቹን ሙሉ ስም በመታወቂያቸው ላይ እንደተጻፈው ሰብስባችሁ የእንግዳ መቀበያውን በስንት ቀን ቀደም ብሎ ዝርዝር እንደሚቀበል ጠይቁ። «ጋሽ እንትና» ብላችሁ የምታውቁት ሰው በመንጃ ፈቃዱ ላይ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፤ በሩ ላይ የሚያቆመውም ይኸው ነው። ካልሆነም ድግሱን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አድርጉት። ለቅሶ ግን ቀን አይሰጥም። ሐዘን ሲመጣ ሌሊት ሃምሳ ሰው ቤት እንዲገባ የምትፈልጉ ከሆነ የውጭ ቤት ይሻላችኋል፤ ይህንን በግልጽ ተነጋገሩበት።

ከሁሉ የሚከብደው የእናት ጉዳይ ነው። ልጇን ለማረስ ከኢትዮጵያ የምትመጣ እናት በጎብኚ ቪዛ ስትገባ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ይፈቀድላታል። የጦር ሰፈሩ ቤት ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን በላይ የሚቆይ እንግዳን ያለ ፈቃድ አይቀበልም። ፈቃዱ በአግባቡ ሲጠየቅ ይሰጣል፤ ነገር ግን ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ሳይሆን ከመቆረጡ በፊት፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ማለፊያዋ ለስንት ጊዜ እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚታደስም አጣሩ፤ ያለ ማለፊያ ከበሩ ወጥታ ብቻዋን ልትመለስ አትችልም። ውጭም ቢሆን ብዙ የአፓርታማ ውሎች የእንግዳን ቀን ይገድባሉ፤ አንቀጹን ፈልጋችሁ አንብቡ።

እናት በቋሚነት ከእናንተ ጋር የምትኖርና ከመተዳደሪያዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወታደሩ የሚችል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ወታደሩ በእሱ የምትተዳደር ቤተሰብ ሆና እንድትመዘገብለት ማመልከት ይችላል፤ ከጸደቀ የራሷ መታወቂያ ይኖራታል።

በሩ የሚሰጠው ነገርም አለ። ባል ለወራት ግዳጅ ላይ በሆነበት ጊዜ ሌሊት የበር ጥበቃ ያለበት ግቢ ውስጥ መተኛት ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤቶቿ ሁሉ የሷን ኑሮ የሚኖሩ ናቸው፤ ልጇ ሲታመም ሌላውን ልጅ ማን ጋ እንደምታቆየው ለማስረዳት አትገደድም። እንግሊዝኛ ገና ለምትማር ሰው ይህ ትልቅ ድጋፍ ነው። በአንጻሩ አማርኛ የሚሰማበት ጎዳና፣ የምታውቀው ሱቅ፣ የጓደኛ ቡና የለም። የትኛው ብቸኝነት እንደሚከብዳት የምታውቀው እሷ ናት እንጂ እሱ አይደለም።

5. የሚቀረውን ሰው ሳምንት በወረቀት ላይ ጻፉ

ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን፣ ወታደሩ የለም ብላችሁ አስቡና ጻፉት። ማን ይነዳል? አንድ መኪና ብቻ ካለና የምትቀረው ሴት ገና መንጃ ፈቃድ ካላወጣች፣ ሱቁ፣ ክሊኒኩና የልጆች መዋያው የሚቀራረቡበት የውስጥ ኑሮ ያዋጣል። ሥራዋ ከጦር ሰፈሩ ውጭ ሩቅ ከሆነ ግን ጠዋት ጠዋት ከበሩ መውጣት፣ ማታ ደግሞ በሰልፍ መግባት ይጠብቃታል።

ትምህርት ቤት ላይ በስማ በለው አትሂዱ። እንደ ፎርት ካምቤልና ፎርት ኖክስ ባሉ ቦታዎች የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የሚያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ጦር ሰፈሩ ውስጥ አሉ። ፎርት ቤልቮር ውስጥ የሚኖር ልጅ ግን የሚማረው በፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤት ነው፤ ውጭ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ከሚኖረው ልጅ ጋር ሥርዓቱ አንድ ነው። የቤቱን አድራሻ ይዛችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሰው ካውንቲውን ጠይቁ።

ለመዋያው፣ ለኮሚሳሪው (ለጦር ሰፈሩ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ) እና ለሆስፒታሉ ሲባል ብቻ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። መታወቂያ ያለው ሁሉ ውጭ እየኖረም ይጠቀምባቸዋል።

የአምልኮ ቦታና የወገን ርቀት እንደ ከተማው ነው። ከቤልቮር አሌክሳንድሪያ ቅርብ ነው፤ ውስጥ ብትኖሩም ለቅዳሴ አትቸገሩም። በዋሽንግተን ስቴት ታኮማ አጠገብ ያለው ሉዊስ ማኮርድ ጦር ሰፈር ስትመደቡ ግን ሲያትል ከ40 ማይል በላይ ነው፤ አውራ ጎዳናው ቁጥር 5 ደግሞ በመጨናነቁ የታወቀ ነው። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው ፎርት ካርሰንም ሐበሻ ከሚበዛበት ከኦሮራ 70 ማይል ገደማ ይርቃል። እዚህ ላይ «መሐል ላይ እንከራይ» የሚለው ሐሳብ ይመጣል፤ እኔ አልወደውም። ወታደሩ ጠዋት ለስፖርት ሰልፍ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ እሷም ከሁለቱም ርቃ ትቀራለች።

ቤት ውስጥ የምትሠሩት ሥራ ካለም አስቡበት። ጦር ሰፈር ውስጥ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ፀጉር መሥራት ወይም ልጅ መጠበቅ ከጦር ሰፈሩ አስተዳደርም ከኩባንያውም ፈቃድ ይፈልጋል። ልጅ ለመጠበቅ ለምትፈልግ ሴት ግን ጦሩ ራሱ የሚያሠለጥንበትና የሚያጸድቅበት ፕሮግራም አለ፤ ከውስጥ ቤት ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው አያነሳውም፤ የውስጥ ቤት የተመሠረተው በወታደሩ ላይ ነው። ትዳሩ ቢፈርስ ወይም ወታደሩ ከቤቱ ቢወጣ ቀሪው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መልቀቅ ይኖርበታል።

6. የውስጥ ቤት ሲቀርብላችሁ

በ2018 በጦር ሰፈር ቤቶች ውስጥ የሻጋታ፣ የእርሳስ ቀለምና የተባይ ችግር በስፋት ተዘግቦ በቀጣዩ ዓመት በሴኔት ፊት የወታደር ሚስቶች ምስክርነት ሰጥተዋል። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ ተከራይ ወታደሮች 18 መብቶች አሏቸው። ለእናንተ ከሁሉ የሚጠቅመው ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን የ7 ዓመት የጥገና ታሪክ የማየት መብት ነው። ካልሰጧችሁ ጠይቁ፤ አንድ ዓይነት ጥገና ደጋግሞ ከተመዘገበ፣ በተለይ ውሃ ማፍሰስ ከሆነ፣ ሌላ ቤት እንዲያሳዩአችሁ ንገሩ። ክርክር ቢነሳ ኪራዩ ለኩባንያው እንዳይለቀቅ የሚያደርግ ሥርዓትም አለ።

ቤቱን ስትጎበኙ አዲስ ቀለም አያታልላችሁ። የኩሽናውንና የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ወለሉን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ካበጠ ወይም ከለሰለሰ ውሃ ያፈሳል። አየር ማስወጫው ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ፎቶ አንሱ። የቤቱን ዕድሜ ጠይቁ፤ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖረው ስለሚችል ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ወሳኝ ነው። ከዚያ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ። 1,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ ከማይክሮዌቭ ጋር በአንድ መስመር ከዋለ ብሬከሩ ይጥላል፤ ብቻውን የሚውልበት ሶኬት ፈልጉ። የጭስ ጠቋሚው ከኩሽናው ስንት እርምጃ እንደሚርቅም እዩ፤ ቡና የሚቆላውና ዕጣን የሚጨሰው የት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

7. የውጭ ቤት ስትከራዩ

ከውሉ በፊት አንድ ሕግ እወቁ፤ ወታደሮች ኤስሲአርኤ የሚሉት የፌዴራል ሕግ ነው። የዝውውር ትእዛዝ ወይም 90 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ ግዳጅ ሲመጣ ወታደሩ የኪራይ ውሉን ያለ ቅጣት ማቋረጥ ይችላል። ማስታወቂያው በጽሑፍ፣ ከትእዛዙ ቅጂ ጋር ይሰጣል፤ ውሉም የሚያበቃው ከማስታወቂያው በኋላ ካለው ቀጣይ የኪራይ ቀን 30 ቀን ቆጥሮ ነው። ጁን 10 ሰጣችሁ፣ ኪራዩ ጁላይ 1 ይከፈላል እንበል፤ ውሉ ጁላይ 31 ያበቃል። የትዳር ጓደኛ ስም ውሉ ላይ ቢኖርም እሷም ነፃ ትወጣለች። አከራዩ ይህን መብት የምትተዉበት የተለየ ወረቀት ካቀረበላችሁ አትፈርሙ፤ ይዛችሁ ወደ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ሂዱ።

ሕጉ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። የውስጥ ቤት ወረፋችሁ ደረሰ ማለት በዚህ የፌዴራል ሕግ ውል ማፍረሻ ምክንያት አይደለም። ወረፋ ላይ ካላችሁ «የውስጥ ቤት ሲሰጠን በ30 ቀን ማስታወቂያ እንለቃለን» የሚል አንቀጽ እንዲገባ ተደራደሩ። ወታደር የለመዱ አከራዮች ይቀበላሉ።

ማስያዣ ገንዘብ በቨርጂኒያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ በሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወር ነው። በሁለቱም ቦታ ከለቀቃችሁ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ሂሳቡ መዘጋት አለበት። ቤቱን ሳያሳይ ገንዘብ ላኩልኝ ለሚል ሰው ምንም አትላኩ፤ ወታደር ሩቅ ሆኖ እንደሚፈልግ የሚያውቁ አጭበርባሪዎች ብዙ ናቸው። ገና ከመንገድ ላይ ከሆናችሁ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ወይም በአካባቢው ያለ ዘመድ ሄዶ እንዲያይላችሁ አድርጉ።

መግዛትስ? ለወታደር የሚሰጠው የቪኤ ብድር ያለ ቅድመ ክፍያ ቤት ያስገዛል። ሆኖም በሁለትና በሦስት ዓመት የሚዛወር ሰው ቤቱን ከርቀት ማከራየት ሊኖርበት ነውና ወንድም ወይም እህት በአቅራቢያ ከሌለ እኔ አላበረታታም።

8. ቁልፍ የምትቀበሉበት ቀን

ዕቃ ሳይገባ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ጭረት፣ የተሰበረ መጋረጃ፣ የማይዘጋ መስኮት ካለ በቅጹ ላይ አስመዝግቡ። ቅጂውን ለአከራዩ በኢሜይል ላኩ፤ ኢሜይል ቀን ይይዛል። ውስጥም ሆነ ውጭ የዕቃችሁን ኢንሹራንስ እናንተ ግዙ።

ወታደሩ ደግሞ በተከታዮቹ ሁለት ወራት የደመወዝ መግለጫውን ይይ። የቤት አበሉ በአዲሱ ዚፕ ኮድና በቤተሰብ ተመን መግባቱን፣ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ የኪራይ ተቀናሹ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ብቻ መሆኑን ያረጋግጥ። ስህተት ካለ ወዲያው ለፋይናንስ ክፍሉ ያመልክት፤ በትርፍ የተከፈለ አበል ሲገኝ ከወራት በኋላም ቢሆን ከደመወዝ ተመልሶ ይቆረጣል።